የገበያው ምንጣፍና የክርስቲያን ሕሊና

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያቀረቡልኝ በቁምስናችን የታወቁ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንዲት እናት ናቸው። ከወገብ ሕመም ጋር ሲታገሉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየማለዳው ወለል ላይ ተኝተው የሚሠሩት ጥቂት መልመጃ አስተምሮ፣ ለዚሁ የሚሆን ምንጣፍ እንዲገዙ መከራቸው። እርሳቸውም ገዙ። ምንጣፉ በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ግን «ዮጋ» የሚል ቃል ተጽፎ ነበርና፣ ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታቸው አይተው፣ «ይህ የጣዖት አምልኮ ዕቃ አይደለምን? ከእመቤታችን ሥዕል ፊት እንዴት ይነጠፋል?» አሏቸው። እናታችን ደነገጡ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ጠብቀው፣ «መምህር፣ ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም ልጆቹን ለማስተማር እቸኩል ስለ ነበር፣ «እናቴ፣ የሚያጠራጥር ነገር ቢቀርብዎ ይሻላል» ብዬ መለስሁላቸው። መልሱ ጥንቃቄ ያለበት ይመስል ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ግን ምንጣፉንም መልመጃውንም በአንድነት እንደ ተዉ፣ ወገባቸው ተይዞም ከቤት መውጣት እንዳቃታቸው ሰማሁ። ሳልመረምር የሰጠሁት ምክር ሕሊናቸውን አላሳረፈም፤ አካላቸውን ግን ጎዳ። የምጽፈው ያን መልስ ለማረም ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ የሚቀርብላችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ከእኔ ስሕተት እንድትጠቀሙ እወዳለሁ።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ዮጋ በሳንስክሪት ቋንቋ መጥመድ፣ ማጣመር ከሚል ሥር የወጣ ቃል ሲሆን፣ ቀንበር ከሚጠራበት ቃል ጋር ይዛመዳል። በሂንዱ ሃይማኖት ሰው አሳቡንና አካሉን ገዝቶ ነጻ የሚወጣበት መንፈሳዊ መንገድ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። ይህን ማቃለል አይገባንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫ የሂንዱን ሃይማኖት በስም ጠቅሶ፣ ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ሃይማኖቶች ያለውን እውነተኛና ቅዱስ ነገር እንደማትነቅፍ አስተምሯል። ዛሬ በስፖርት አዳራሾች ዮጋ የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሕንድ አገር በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምሩ የነበሩት ክሪሽናማቻርያ የአካሉን ልምምድ አጠንክረው አስተማሩ፤ ደቀ መዝሙራቸው ኢየንጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት መጽሐፍም በምዕራቡ ዓለም አስፋፋው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የዮጋ ቀን በየዓመቱ ጁን 21 እንዲከበር ወሰነ።

ስለ ምንጣፉስ ምን እንላለን? የጥንት ዮጋውያን የሚቀመጡት በሣር፣ በአጋዘን ቆዳና በጨርቅ ላይ ነበር፤ የእኛም አባቶች በአጎዛና በሰሌን ላይ እንደሚቀመጡ ማለት ነው። ዛሬ ተጠቅልሎ የሚሸጠው የማያንሸራትት ምንጣፍ የተስፋፋው ግን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ መነሻውም በጀርመን አገር የቤት ምንጣፍ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ይነጠፍ የነበረ ላስቲክ ነው። እናታችንን ያስደነገጣቸው ዕቃ ከምንጣፍ ነጋዴ መጋዘን የወጣ፣ በዕድሜም ከብዙዎቻችን ያነሰ ነው። ይህን ሳውቅ ፈገግ ማለቴን አልሸሽግም።

ሆኖም «ዕቃ ብቻ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት አይበቃም። የቆሮንቶስ ምእመናን ለቅዱስ ጳውሎስ ያቀረቡት ጥያቄ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በዚያች ከተማ ገበያ ለጣዖት ከተሠዋው ሥጋ የተረፈው ይሸጥ ስለ ነበር፣ ክርስቲያን ገዝቶ ቢበላ ይረክሳልን ብለው ተከራከሩ። ሐዋርያው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 8 እና 10፣ ጣዖት ከንቱ እንደ ሆነ፣ ምድርና ሞላዋም የጌታ እንደ ሆኑ አሳስቦ፣ በገበያ የተሸጠውን ሁሉ ሳይመረምሩ እንዲበሉ ፈቀደ። በጣዖቱ ማዕድ መካፈልን ግን ፈጽሞ ከለከለ። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ሰው «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ብሎ ቢናገር፣ ስለዚያ ስለ ተናገረው ሰው ሕሊና ሲባል እንዳይበሉ አዘዘ። ሥጋው ያው ሥጋ ነው፤ የሚበላውም ሰው ነጻነቱን አላጣም፤ ነገር ግን በአጠገቡ የሚሰናከል ወንድም አለ። እኔ ለእናታችን የነገርኋቸው ከዚህ ሁሉ «አትብሉ» የሚለውን ብቻ ነጥሎ የያዘ መልስ ነበር።

በጣዖቱ ማዕድ መካፈል የተባለውም ዛሬ ቦታ አለው። አሠልጣኙ የአማልክትን ስም እንድንጠራ፣ በምስላቸው ፊት እንድንሰግድ ወይም ልምምዱን ራሱን የመዳኛ መንገድ አድርገን እንድንቀበል ቢጠይቅ፣ ክርስቲያን በትሕትና ተነሥቶ መውጣት አለበት። የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1989 በካርዲናል ራትሲንገር ፊርማ ስለ ክርስቲያናዊ አስተንትኖ ባወጣው ደብዳቤም አንድ ስውር አደጋ ተመልክቷል። የአካል ልምምድ በራሱ የጸጥታና የእርጋታ ስሜት ያመጣል፤ ያን ስሜት የመንፈስ ቅዱስ መጽናናት አድርጎ መቁጠር ግን ስሕተት ነው። ደብዳቤው አካል በጸሎት ያለውን ድርሻ አይክድም፤ ከሌሎች ሃይማኖቶች የተገኘ ጠቃሚ ስልትም ክርስቲያናዊው ጸሎት በባሕርዩ እስከ ተጠበቀ ድረስ ሊረዳ እንደሚችል ይቀበላል። በዓርብ ስቅለት ግንባራችን ወለሉን እስኪነካ ለምንሰግድ ለእኛ የግእዝ ሥርዓት ምእመናን አካል ከነፍስ ጋር እንደሚጸልይ ሊነገረን አያስፈልግም። የዚያን ዕለት ማታ ጉልበታችንን ሲያመን ግን ሕመሙን ጸጋ ነው አንልም፤ ከመልመጃ በኋላ የሚመጣውንም ምቾት እንዲሁ።

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ ወደ እናታችን ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ምንጣፉ ከበር ኋላ ቆሞ ነበር። አውጥተን በሲሚንቶው ወለል ላይ ብንዘረጋው ሌላ ጉድለት አገኘንበት፤ መዳፌን አሳርፌ ወደ ፊት ስገፋ ተንሸራተተ። እኔም አስቀድሜ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን ጠይቄ ስለ ነበር፣ የሰማሁትን ነገርኋቸው፤ ለሌላም ጀማሪ ይጠቅም እንደ ሆነ እጽፈዋለሁ። አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ከፋብሪካው የቀረ ቅባት ስለሚኖርበት በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና ታጥቦ በጥላ ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ መንሸራተቱ ይቀንሳል፤ ሽታውም ይለቃል። ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራው ይበልጥ ይይዛል፤ ሆኖም ይከብዳል፣ ዋጋው ይበዛል፣ ፀሐይ ያበላሸዋል፤ ጎማ ቆዳውን የሚያሳክከው ሰውም ሊርቀው ይገባል። ርዝመቱ 173፣ ወርዱ 61 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነው የተለመደ ነው፤ ረጅም ሰው ግን ተኝቶ ራሱና ተረከዙ በምንጣፉ ላይ መዋላቸውን አይቶ ይግዛ። በውፍረቱ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ለሚተኛና ለሚንበረከክ ሰው እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ጀርባንና ጉልበትን ያሳርፋል፤ ቆሞ በአንድ እግር ሚዛን ለሚጠብቅ ግን ወፍራም ስፖንጅ ያንገዳግዳልና ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። እናታችን መልመጃቸውን የሚሠሩት ተኝተው ስለ ሆነ ያ የገዙት ወፍራም ምንጣፍ ለእርሳቸው ደኅና ነበር።

ውድ ውድ ምንጣፎችም አሉ፤ ጀማሪ አያስፈልገውም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ጤንነት ከእግዚአብሔር የተሰጠን አደራ ስለ ሆነ በአግባቡ እንድንጠብቀው ያዘናል፤ ሁሉንም ነገር ለአካል ውበትና ብርታት መሥዋዕት ማድረግን ግን ይቃወማል። እውነቱን ለመናገር፣ በዘመናችን ከአማልክት ስም ይልቅ ይህኛው ጣዖት ብዙ ሰዎችን በምንጣፍ ላይ ሲያንበረክክ አያለሁ፤ እርሱን ግን ማንም ጎረቤት በወረቀት ላይ ተጽፎ አያነበውም።

ጎረቤታቸውን በተመለከተ እናታችን ራሳቸው ከእኔ የተሻለ አደረጉ። ነገሩን በእርጋታ አስረዷቸው፤ ጎረቤታቸው አዳመጡ እንጂ እስካሁን አልተስማሙም። ስለዚህ እናታችን መልመጃቸውን ማልደው ይጨርሳሉ፤ ጎረቤታቸው ለቡና ከመምጣታቸውም በፊት ምንጣፉን ጠቅልለው ከበር ኋላ ያቆሙታል።