ብሬከሩ አልዋሸህም

በዕድሜ ታላቅህ ነኝና «አንተ» ብልህ አትቀየመኝ። «መብራቱ አስቸገረን፤ ና እይልን» ብለህ ስትደውል ዕቃዬን ይዤ ወደ እንግዳ ማረፊያህ መጣሁ። ከደረጃው ሥር የቢራ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አንሥቼ የብሬከር ሰሌዳው ጋ ስደርስ ያየሁትን ግን ልነግርህ ይገባል። አንተ ወደዚያ ጎንበስ ብለህ እንደማታውቅ አቧራው ይናገራል።

አሮጌው ባለ 20 አምፔር ብሬከር መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት፤ እጀታው እንዳይወርድ በናስትሮ ተጠምጥሟል። ዘበኛው ነው አሉኝ። ዘበኛው ምን ያድርግ? ያዘዝከው አንተ ነህ። ብሬከር እጀታው ቢታሰርም ውስጥ ውስጡን ይቆርጣል፤ ናስትሮው አላዋጣ ሲል አስነቅለህ 63 አስገባህበት። ያኔ ዝም አለልህ፤ አንተም «ተሠራ» አልክ።

እስቲ አብረን እንደምር፤ ዱቤ ስትደምር አትሳሳትም። የእንጀራ ምጣድህ 3,500 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ብቻውን 16 አምፔር ይጎትታል። በዚያው መስመር ላይ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር ሁለት አስቀጥለሃል። እንግዶች ጧት ሲታጠቡ፣ ወጥ ቤት ምጣዱ ሲጣድ፣ ወደ 30 አምፔር ይሆናል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ20 አምፔር ብዙም አያልፍም። 63ቱ ብሬከር ይህን አይቶ ምን ይላል? ምንም። ሽቦው ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ብሬከሩ ሳይነቃ ግድግዳህ ውስጥ ይነድዳል። መቀበያው ላይ ዓሣ ዓሣ የሚለውን ሽታ ሁላችሁም ለምዳችሁታል፤ የሚቃጠል የሶኬት ፕላስቲክ ነው እንደዚያ የሚሸተው። ልጆቹ ዕጣን ያጨሱበታል። ዕጣኑስ ደግ ነበር።

አሮጌው ብሬከር በወደቀ ቁጥር የሚነግርህ ነገር ነበረው። ስፒናውን ሁሉ ነቅለህ አንድ በአንድ ብትመልስ፣ የትኛው ሲሰካ እንደሚወድቅ በግማሽ ሰዓት ባወቅህ። ምንም ሳይሰካም ከወደቀ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። ይህን ሁሉ ትተህ፣ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ መብራቱ ቦግ ብሎ እየታየ፣ ለእንግዳው «መብራት ሄዷል» ታስብል ነበር።

ጄኔሬተሩንስ? መብራት ከምር ሲሄድ ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ አሠርተህ ከወጥ ቤቱ ሶኬት ጋር ታገናኛለህ። ዋናውን ማጥፊያ ማጥፋት ሰው ከረሳ የጄኔሬተሩ 220 ቮልት በቆጣሪህ በኩል ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ላይ ይደርሳል፣ ወደ ማዶም 15,000 ቮልት ሆኖ ይሻገራል። «መስመሩ ሞቷል» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ልጆች አሉት። ገመዱን ወስጄዋለሁ፤ አልመልስልህም።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። ክፍል የምታጸዳው ልጅ «ውሃው ይነዝረኛል» ብላ ነግራህ ነበር። ያደረግህላትን ራሷ አሳየችኝ፤ የላስቲክ ነጠላ ጫማ። አንተ ሰምተሃል ማለት ነው። አለማወቅ ቢሆን እኔም ባልተቆጣሁ፤ ስንቱ ሳያውቅ ይሠራል። አንተ ግን ለልጅቷ ጫማ ለመግዛት የሚበቃ ያህል አውቀሃል፤ ባዶ እግሩን ሻወር ለሚገባው ደግሞ ቁልፍ ሰጥተህ «መልካም ዕረፍት» ትላለህ።

የአንዱን ቦይለር ክዳን ፈታሁት። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ከቦይለሩ ወጥቶ ሦስት ጣት ያህል ሄዶ ልስኑ ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል። ኧርዝ የሚባል የመሬት መስመር ቤትህ ውስጥ የለም። የማሞቂያው ብረት ተበልቶ ፌዙ ውሃው ውስጥ ሲገባ የሚወርድበት መንገድ የሚታጠበው ሰው ገላ ብቻ ነው። ብሬከር፣ ደህናውም ቢሆን፣ ይህን አያይም፤ ለዚህ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ሌላ መከላከያ አለ። ለባሩ ትልቅ ቴሌቪዥን ስትገዛ እሱን አላሰብከውም።

የቦይለሮቹን መስመር በሙሉ ቆርጬዋለሁ። ኧርዙ እስኪቀበር እንግዳህ በባልዲ ይታጠብ፤ ወጥ ቤት ውሃ ይሞቅለት። «ስንት ክፍል ነው ችግር ያለበት?» ብለህ ደውለህልኛል። እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? ልጅቷን ጠይቃት። 4፣ 7፣ 11 ብላ በጣቷ ቆጥራልኛለች፤ 11ኛው ላይ ስትደርስ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበችው።