«ና» እና «ወይም»

ለመሆኑ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ይግባኝ ሲል ምን ማለቱ ነው? ብዙዎቻችን «አልሠራሁም» ማለቱ ይመስለናል። ግን «ሠርቻለሁ፣ ቅጣቱ በዛብኝ» የሚልም አለ። እኛን የሚያከራክረን ይኼኛው ነው።

በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ 650 ግራም ኮኬይን ወይም ከዚያ በላይ የተያዘበትን ሁሉ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ ያሳስር ነበር። ሌላ ነገር ቢቀላቀልበትም ድምሩ ይቆጠራል። አንድ ሰው 672 ግራም ተያዘበት። ከዚያ በፊት በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት አያውቅም። ዳኛው ግን ይህን አይቶ ማቅለል አይችልም፤ የሚመዘነው ዱቄቱ እንጂ ሰውየው አይደለማ!

በ1991 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኙን 5 ለ 4 ጣለው። ዳኛ ኬኔዲ ከዚያ ኮኬይን ከ32,500 እስከ 65,000 መውሰጃ ይወጣል ብለው አሰሉ። ይህንን በዋዛ አናልፈውም፤ ያን ሁሉ የሚወስደውም ሰው ነው። ታዲያ የሞት ቅጣት በሌለበት በሚሺጋን፣ አስቦ ሰው የገደለስ ከዚህ የባሰ ምን ያገኛል? ያው ዕድሜ ልክ ነው።

ዳኛ ስካሊያ በበኩላቸው ከባድ ቅጣት ጭካኔ ቢሆን እንኳ ያልተለመደ አይደለም አሉ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የሚከለክለው «ጨካኝና ያልተለመደ» ቅጣትን ነዋ። የሚሺጋን ሕገ መንግሥት ደግሞ «ወይም» ይላል። በ1992 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንን ልዩነት ጭምር ይዞ፣ በሌሎች ተከሳሾች ይግባኝ፣ አመክሮ መከልከሉን ሻረ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ጉዳያቸው እንዲታይ ፈቀደ።

እንዲያው «ና» ባትኖር ኖሮ፣ ያ ቅጣት በ1991ስ ልክ ነበር ይባል ነበር?