ነውሩ የተነገረ ግብይት፦ ለእርሻ መኪና ገዥና ሻጭ የተጻፈ ኹጥባ

የመጀመሪያው ኹጥባ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ምድርን ለዘር ላመቻቸ፣ ዝናብን ላወረደ፣ ጫንቃችን የማይችለውን የሚሸከምልንን ለገራልን ጌታ። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት እመክራለሁ። አላህን የሚፈራ ሰው በሶላት ሰፍ ላይ እንደሚፈራው ሁሉ በገበያ መካከል፣ ደላላ ፊት ቆሞም፣ ውል ሲፈርምም ይፈራዋል።

አላህ በሱረቱ ነሕል 8ኛው አንቀጽ ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን እንድንቀመጥባቸውና ጌጥ እንዲሆኑን እንደፈጠረ ከነገረን በኋላ የማናውቀውንም እንደሚፈጥር አክሎልናል። አያቶቻችን በአህያ ጀርባ ያመላለሱትን እህል ዛሬ በመኪና እናመላልሳለን። ይህ ኒዕማ ነው፤ ከእያንዳንዱ ኒዕማም ነገ እንጠየቃለን፤ እንዴት አገኘኸው? በምን ገንዘብ ገዛኸው? ምን ሠራህበት?

ምርት ገብቶ ትርፉ ሲሸጥ በገበሬው ቤት ከሚነሡ ጉዳዮች አንዱ የመኪና ነገር ነው። የሸዋሮቢት ሽንኩርት ሳይበሰብስ ገበያ መድረስ አለበት። የሀላባ በርበሬ፣ የአርሲና የባሌ ስንዴ ከማሳ ወደ መንገድ መውጣት አለበት። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩም ከማኅበሩ መጋዘን መምጣት አለበት። እናም አባት ከልጆቹ፣ ባል ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ፣ «ፒካፕ እንግዛ፤ ግን አዲስ ይሁን ወይስ ያገለገለ?» ብሎ ይመክራል።

ወገኖቼ! ያገለገለ መኪና ነውሩን ሞተሩ ውስጥ ይደብቃል፤ አዲስ መኪና ደግሞ ነውሩን የዕዳ ደብተሩ ውስጥ ይደብቃል። ዲናችን በሁለቱም ግብይት ላይ አጥብቆ የሚጠይቀን የተደበቀው እንዲገለጥ ነው። ሻጭ ነውሩን ከተናገረ፣ ገዥ ገንዘቡንና አቅሙን ካጠራ አዲሱም ያገለገለውም ሐላል ነው፤ በረካም አለው። ውሸትና ወለድ የገባበት እንደሆነ ግን ቀለሙ ቢያበራ፣ ሞተሩም ቢጠነክር ባለቤቱን አይጠቅመውም።

ከሁሉ በፊት ፍላጎታችንን እንመርምር። አላህ በሱረቱ ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ ደጋግ ባሮቹን ሲገልጽ፣ ሲያወጡ የማያባክኑ፣ የማይሰስቱም፣ በመካከሉ የሚጸኑ ናቸው ይለናል። አንድ ፒካፕ የሚጭነው 10 ኩንታል ገደማ ነው። በዓመት 60 ኩንታል የሚሸጥ ገበሬ ምርቱን በስድስት ምልልስ ይጨርሳል። ለዚህ ብቻ ከሆነ አይሱዙ ተከራይቶ በአንድ ወይም በሁለት ጉዞ ማውጣት ይቀልለዋል። አትክልት በየሳምንቱ የሚያወጣ፣ ወተት በየጠዋቱ የሚያደርስ፣ ለከብቶቹ መኖና ውሃ የሚያመላልስ ሰው ግን መኪናው የሥራ እጁ ነው፤ ይግዛ። ወይም ሦስት አራት ወንድማማቾች ድርሻቸውን ጽፈው፣ ተራቸውን ተስማምተው በአንድነት ይግዙ። ጎረቤት ስለገዛ መግዛት፣ በሠርግና በበዓል ለመታየት መግዛት ግን ልጆችን ከትምህርት፣ ማሳን ከማዳበሪያ የሚነጥቅ ብክነት ነው።

አሁን ወደ ያገለገለው እንምጣ። አብዛኛው ገበሬ የሚገዛው እርሱን ነውና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። ስለዚህ በሀገራችን አሮጌ መኪና እንኳ የብዙ ዓመት ጥሪት ይጠይቃል። የሚያታልል ሰው የሚወስደው እንግዲህ የአንድ ቀን ገንዘብ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ላብ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የግመልና የበግ ጡት ሳይታለብ እንዲያግት አድርጎ መሸጥን ከልክለዋል። ገዥው ያጋተውን ጡት አይቶ ወተቷ ብዙ ነው ብሎ ይገዛል፤ ቤቱ ወስዶ ሲያልብ እውነቱን ያገኛል። ለእንዲህ ያለው ገዥ ረሱል ምርጫ ሰጡት፤ ከፈለገ ይያዛት፣ ካልፈለገም ላለበው ወተት አንድ ቁና ተምር ጨምሮ ይመልሳት። የመኪናን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው። 300,000 የሄደውን 120,000 ሲያደርገው የደከመውን ብርቱ አስመስሎ ያሳያል። ጉዳቱም በዋጋ ብቻ አይቆምም። በገጠር የሚወደደው የላንድክሩዘር 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር የታይሚንግ ቤልቱ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ገዥው በሐሰተኛው ቁጥር ተማምኖ ጊዜውን ካሳለፈው ቤልቱ በመንገድ ይበጠሳል፤ ሞተሩም ይጎዳል። ያን ጊዜ የሽንኩርቱ ጭነት ፀሐይ ላይ ይቀራል። ቁጥሩን ያዞረው እጅ በዚያ ሁሉ ኪሳራ ላይ ድርሻ አለው።

ሻጮች ሆይ! የምታውቁት ነውር የገዥው አማና ነው፤ እጃችሁ ላይ ተቀምጦ እንጂ የእናንተ አይደለም። ሞተሩ ተከፍቶ እንደነበር፣ መኪናው ተገልብጦ ሻንሲው በብየዳ እንደተያያዘ፣ ዘይት እንደሚበላ፣ ፎር ባይ ፎሩ እንደማይገባ ካወቃችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሻጭና ገዥ እውነት ተናግረው ከገለጹ ግብይታቸው እንደሚባረክ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን በረካው እንደሚጠፋ ሐኪም ኢብን ሒዛም ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተላልፈውልናል። «ባለበት ሁኔታ ሸጬልሃለሁ፤ አይተህ ግዛ» ማለትም እያወቀ ከሚደብቀው ሰው ላይ ኃጢአቱን አያነሳም። ኢማም ማሊክ በሙወጣእ እንደዘገቡት ዐብደላህ ኢብን ዑመር እንዲህ ባለ ውል ሸጠው ክርክር ቢነሣ፣ ዑስማን (ረ.ዐ.) ነውሩን ሳያውቁ እንደሸጡ እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብን ዑመርም ከመማል ይልቅ የሸጡትን መልሰው መውሰድን መረጡ።

ከሰሓቦች መካከል ጀሪር ኢብን ዐብደላህ አል-በጀሊን አስታውሱ። ፈረስ በ300 ዲርሃም ተገዛላቸው። ፈረሱን ባዩት ጊዜ ግን ከዚህ በላይ እንደሚያወጣ ለባለቤቱ ነገሩት፤ እየጨመሩ እየጨመሩም እስከ 800 አደረሱት። ምክንያቱን ሲጠየቁ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ለረሱል ቃል ገብቼ ነበር የሚል ነበር መልሳቸው። እዚህ ላይ የማያውቀው ሻጩ ነበር፤ የሚያውቀው ገዥው ነበር። እውቀቱ በማን እጅ ቢሆን እውነቱን የመናገር ግዴታ በዚያ ሰው ላይ ነው። የሟች አባቷን መኪና ዋጋ የማታውቅ ሴት በችግር ስትሸጥ አግኝታችሁ በግማሽ ዋጋ ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን ፈረስ አስቡ።

ደላሎች ሆይ! ሥራችሁ ሐላል ነው፤ ሰውን ከሚፈልገው ጋር ታገናኛላችሁና። ነገር ግን ለመግዛት ሳያስቡ ዋጋ የሚያስወድድ ሰው በመካከል ማቆም ነጅሽ ነው፤ ረሱል ከልክለውታል። ሁለት ሰዎች ተስማምተው ሳለ ሦስተኛ አምጥቶ ውሉን ማፍረስም የተከለከለ ነው። ኮሚሽናችሁን በግልጽ ተነጋግራችሁ ውሰዱ፤ ገዥም ሻጭም የማያውቁትን ትርፍ በመካከል አትደብቁ።

ገዥዎች ሆይ! እናንተም ዝም ብላችሁ አትመኩ። ግመሉን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካት የረሱል ምክር ነው። መኪናውን በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሡት፤ ከመምጣታችሁ በፊት ሞቆ ከጠበቃችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ይነግራችኋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፉን እዩ። ከሥር ገብታችሁ ሻንሲውን ለዝገትና ለብየዳ፣ ባሌስትራውን ለስብራት መርምሩ። ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ጭነት ጭናችሁ ዳገት ላይ ሞክሩ፤ የእርሻ መኪና ፈተናው ባዶውን አስፋልት ላይ አይደለም። በሻጩ ያልተመረጠ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የድካሙንም ክፈሉት። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ዕግድ ወይም የባንክ ዕዳ ያለበት እንደሆነ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አጣሩ።

ከዚያም ጻፉ! የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ የአል-በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። «ወንድሜ ነው፤ አምነዋለሁ» ብሎ ስም ሳያዛውሩ መኪና መያዝ የሁለት ቤተሰቦችን ፍቅር ያፈርሳል። ገዥው አደጋ ቢያደርስ ስሙ በሊብሬ ላይ ያለው ሻጭ ይፈለጋል፤ ሻጭ ቢሞት ወራሾቹ መኪናችን ነው ይላሉ። ውሉ ይጻፍ፣ ምስክር ይቁም፣ ስሙ ይዛወር፤ የተነገረው ነውርም በውሉ ውስጥ ይስፈር።

ይህን ተናግሬ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ። እናንተም ለምኑት፤ እርሱ መሓሪ አዛኝ ነው።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይውረድ።

የአላህ ባሮች ሆይ! አዲስ መኪና መግዛት ለቻለ ሰው ነውር የለበትም። ዋስትና አለው፤ ታሪኩ ከእናንተ ይጀምራል፤ በምርት ሰሞን መንገድ ላይ የመቆም ስጋቱም ያንሳል። ይሁን እንጂ እርሱም መጠየቅ አለበት። የዛሬዎቹ ናፍጣ ሞተሮች ነዳጅን በከፍተኛ ግፊት በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩ ናቸው፤ በበርሜል ተቀምጦ ውሃና አፈር የገባበት ናፍጣ ይጎዳቸዋል። ጥገናቸውም ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ዋስትናው ጸንቶ እንዲቆይም ሰርቪሱ በጊዜው መደረግ አለበት። ጋራዡ ከቀበሌያችሁ የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ ይህንንም ወጪ አስሉ። የመንደራችሁ መካኒክ በእጁ የሚያውቀው፣ መለዋወጫው በቅርብ ከተማ የሚገኝ አሮጌ መኪና ለአንዳንዱ ገበሬ ከአዲሱ የሚሻልበት ምክንያት ይህ ነው።

የአዲሱ ትልቁ ነውር ግን ዕዳ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ለምን ይህን ያህል እንደሚያበዙት ሲጠየቁም ባለዕዳ ሰው ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ገብቶም እንደሚያፈርስ ነገሩን። ዝናብ የዘገየበት ገበሬ የወሩ ክፍያ ሲደርስበት ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ፤ በሬው ይሸጣል፣ ማሳው ለሌላ ይከራያል፣ ስልኩ ይዘጋል። ዕዳው ወለድ ያለበት ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከአላህ ጋር ነው፤ መሸጥን የፈቀደው ጌታ አራጣን እርም አድርጓልና።

አላህ ግን መውጫ ሳያበጅ አልከለከለንም። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. የሀገራችን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለው፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል። በሙራበሃ ባንኩ መኪናውን አስቀድሞ ራሱ ይገዛል፤ ከዚያ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሮ ለእናንተ በክፍያ ይሸጣል። ስሙን ሰምታችሁ ብቻ አትፈርሙ፤ ጠይቁ። ባንኩ መኪናውን በእርግጥ ገዝቶ ተረክቧል ወይ? ሳያስረክበን ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው? ክፍያ ቢዘገይብን ዕዳችን ያድጋል ወይ? ረሱል በእጅህ የሌለውን አትሽጥ ብለው ለሐኪም ኢብን ሒዛም እንደመከሩ አስታውሱ። ክፍያው በየወሩ ከሚሆን በምርት ጊዜ እንዲሆን ተደራደሩ፤ የገበሬ ገቢ በወር አይመጣምና።

ዘካችሁንም በመኪና ዋጋ ውስጥ አታስገቡት። የምርት ሐቅ በአዝመራው ቀን እንዲሰጥ በሱረቱል አንዓም 141ኛው አንቀጽ ታዝዘናል። በዝናብ ብቻ ከበቀለው እህል ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ድካምና ወጪ ከበቀለው ከሃያ አንድ ነው፤ ኒሳቡም አምስት ወስቅ፣ በሚዛን 650 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የምትሠሩበት መኪና በራሱ ዘካ የለበትም፤ ለንግድ መኪና የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ግን ዓመት ሲሞላ በንብረቱ ዋጋ ላይ ከአርባ አንድ ያወጣል። የድሃው ድርሻ ከወጣ በኋላ የቀረው የእናንተ ነው፤ ከእርሱ ግዙ።

መኪናውን ከገዛችሁ በኋላም የአላህን ኒዕማ አስቡ። በ10 ኩንታል መኪና 20 አትጫኑ፤ በጭነት ላይ ሰው አታስቀምጡ። ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲባል ከእህል ጆንያ ላይ የወደቀ ልጅ ደም በገንዘብ አይመለስም። ምጥ የያዛት ጎረቤት በሌሊት ስትጠራችሁ ቁልፉን ይዛችሁ ውጡ። የጃቢርን ግመል ታሪክ ታውቃላችሁ፤ ረሱል የደከመ ግመሉን ገዙት፤ ጃቢር መዲና እስኪደርስ ሊጋልበው ያቀረበውን ቅድመ ሁኔታ አከበሩለት፤ ዋጋውን ከከፈሉት በኋላም ግመሉን መልሰው ሰጡት። ያገለገለ ነገር የገዙት ነቢይ በግብይታቸው ውስጥ ውልንም ደግነትንም አብረው አሳዩን።

አላህ ሆይ! ሪዝቃችንን ሐላል አድርግልን፤ በሐላሉም ከሐራም አብቃቃን። ዝናባችንን በጊዜው፣ ምርታችንን በበረካ አድርግልን። ከዕዳ ጭንቀት፣ ከወለድ እሳት፣ ከመንገድ አደጋ ጠብቀን። ምላሳችንን በገበያ እውነተኛ አድርግ፤ በወንድማችን ላይ የደበቅነው ነውር ካለም በዚህች ዓለም ሳለን ገልጠን የምንክስበት ድፍረት ስጠን። ለሀገራችን ሰላምን፣ ለሙታኖቻችን ምሕረትን፣ ለታመሙት ፈውስን ለግስ። ኣሚን።

የአላህ ባሮች ሆይ! አላህ በፍትሕና በበጎ ሥራ ያዛል። ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ገበያ ስትሄዱ የሰማችሁትን ሥሩበት። አሁን ወደ ሶላታችሁ ቁሙ።