ውሃው አልሞቀም

ከመካነ ሰላም ጉንደወይን የሚመላለስ አንድ ሹፌር ነበር አሉ። መኪናው አሮጌ ባለ ቱርቦ አይሱዙ ነው። ከጎጃም ጤፍ ጭኖ ከዓባይ ድልድይ ወደ ቦረና ሲወጣ ሌሎቹ እየቀደሙት አንጀቱ ያርር ነበር። አንድ ቀን ጋራዥ ገብቶ «ጉልበት ጨምርልኝ» አለ። መካኒኩም የፖምፓዋን ብሎን ትንሽ አዞረለት፤ ናፍጣው በዛ። ከዚያ ወዲያ በሦስተኛ ማርሽ ያቃስትበት የነበረውን ዳገት በአራተኛ ይወጣው ጀመር።

ከኋላ ግን ጥቁር ጭስ ይከተለዋል። ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ ጭሱ እኮ በዛ» ይለዋል።

«አንተ ጭሱን ተወውና ውሃውን እይ። የውሃው ጌጅ መሐል ላይ ነው። ከሞቀ እቆማለሁ።»

ይህን ምሳ ቤት የሰማ አንድ ሽማግሌ ሹፌር፣ «ልጄ፣ ውሃውን ምን ትጠይቀዋለህ?» አለው። «ውሃ የሚያውቀው የራሱን ቤት ነው። እሳቱ የሚወጣው በሌላ በር ነው።» ሹፌሩ ሳቀ፤ የሻዩን ሂሳብም ከፈለለት።

በፋሲካ ሰሞን ከልክ በላይ ጭኖ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ፣ ከወንዙ ጀምሮ ወጣ። አፋፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሞተሩ አንዴ ተንኳኳና ጉልበቱ ከዳው። ተጎትቶ ከተማ ገባ። ቴስታታው ሲነሳ የአንዱ ፒስተን አናት ቀልጦ ተበስቷል፤ የቱርቦው ምላስም ተበልቷል። ሹፌሩ እጁን አመሳቅሎ፣ «ውሃው እኮ አልሞቀም!» ይል ነበር።

እውነቱን ነው። ጌጁም አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ። ውሃ ለመሞቅ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ የጭስ ሙቀት ግን በሰከንዶች ይዘላል። እሱን የሚያየው ጭሱ ከሞተሩ ወጥቶ ቱርቦው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚሰካ ሌላ መለኪያ ነው። ከቱርቦው በኋላ የተሰካ በጭነት ጊዜ 100 ዲግሪና ከዚያም በላይ አሳንሶ ስለሚያሳይ ያዘናጋል። የናፍጣ መኪና ባለሙያዎች ረጅም ዳገት ላይ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንዲያልፍ አይፈቅዱም። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ይቀልጣል፤ ፒስተኑ እስከዚያ የሚቆየው ከሥሩ ዘይቱ፣ ከጎኑ ውሃው ሙቀቱን እየወሰዱለት ነው። ከሚደርስበት ሙቀት ያነሰ ከወሰዱለት አለቀ።

አገሩም አለበት። መካነ ሰላም ወደ 2600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ጂቡቲ ወደብ ላይ ልክ የነበረ የናፍጣ መጠን እዚህ ሲደርስ የሚያቃጥለው አየር ያጣል። እርግጥ ቱርቦ ለዚሁ የታሰበ ዕቃ ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ በ1905 የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ አሜሪካ ውስጥ 4300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ በአውሮፕላን ሞተር ፈተነው። (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ግን ስስ አየር ለመጭመቅ ቱርቦው አብዝቶ መሽከርከር አለበት፤ ጨምቆ የሚሰጠውም አየር ይበልጥ የጋለ ነው። ሹፌራችን አፋፉ ላይ የቀረው ለዚህ ይመስለኛል፤ አየሩ የሳሳው፣ ሞተሩም ለብዙ ጊዜ የጋለው እዚያ ነበርና። እግሩን አንስቶ ማርሽ ቢቀንስ ኖሮ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት ያነሰ ናፍጣ በበቂ አየር አቃጥሎ፣ ዘግይቶም ቢሆን ይገባ ነበር።

ይህ ግን የናፍጣ ተረት ነው። ባለ ቱርቦ ቤንዚን መኪና ያለው ሰው እንዳለ እንዳይወስደው። እዚያ በከባድ ጭነት ጊዜ ትርፍ ቤንዚን እየተነነ ሙቀት ስለሚወስድ፣ ናፍጣውን የሚያግለው ነገር ቤንዚኑን ያበርዳል። የሚፈቀደውም ከፍ ብሎ በብዙዎቹ 900 እስከ 950 ይደርሳል። የናፍጣውን ብልሃት ይዞ ወደ ቤንዚን ሞተር የሄደ መካኒክ፣ ነዳጅ ቀነስኩ ብሎ ሲደሰት ቫልቭ ያቃጥላል።