ሱባኤና ስሌት

በአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የሚማር ደቀ መዝሙር የፋሲካን ቀን ለማወቅ ማካፈልና ማባዛት ይጀምራል። ለ2018 ዓ.ም. 5500 ዘመን ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ትርፉ ሲያዝ) አበቅቴው 12 ይሆናል፤ ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 18። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ስለሆነ የእሑድ ተውሳክ (የዕለቱ ጭማሪ) 7 ሲጨመር 25 ይመጣል። በዚህም ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል፤ ከ69 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ ነው።

11ና 19 ከየት መጡ?

ትውፊቱ የእስክንድርያውን 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስን ይጠራል። አጽዋማትና በዓላት ቀናቸውን እንዳይለቁ ሲመኝ መልአክ ተገልጦለት 23 ሱባኤ በሌሊት፣ 7 ሱባኤ በቀን እንዲይዝ ነገረው ይባላል። አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን ነውና 23 ሱባኤ 161 ቀን ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11። ሰባቱ ሱባኤ 49 ቀን ነው፤ ሲገደፍ 19።

የሥነ ፈለክ መልስም አለ። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ሲሆኑ የፀሐይ ዓመት 365 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 11። በ19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራት እንደሚያልፉም ባቢሎናውያንና ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ያውቁ ነበር። የእስክንድርያ ሊቃውንት ይህን ዕውቀት ከአሕዛብ መጣ ብለው አልጣሉትም፤ የትንሣኤን በዓል ቆጠሩበት። ደቀ መዝሙሩ ሁለቱንም መልስ ቢይዝ አንዱ ሌላውን አያፈርስበትም፦ ትውፊቱ ቁጥሩ ለምን እንደተፈለገ፣ ሥነ ፈለክ ደግሞ ለምን እንደሚሠራ ይነግረዋል።

ፈተናው የሚመጣው ቁጥሩና ሰማዩ ሲለያዩ ነው። በባሕረ ሐሳብ የ2018 የፋሲካ ጨረቃ የምትሞላው መጋቢት 28 ነው፤ በሰማይ ላይ ግን የምትሞላው መጋቢት 24 ነው። እያንዳንዳቸው 365 ቀን ከሩብ ሆነው የሚቆጠሩት 19 የባሕረ ሐሳብ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚበልጡ፣ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይከማቻል። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ1582 እ.ኤ.አ. ቀመሯን አረመች። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በጥንቱ ጸንታለች።

ይህ ልዩነት እምነትን ያናጋል ብሎ የሚሰጋ ሰው ትንሣኤንና የትንሣኤን ቀን መቁጠሪያ አንድ አድርጓል። ሐዋርያት የመሰከሩት ባዶውን መቃብር ነው፤ 235 ወራትን የቆጠረው የሰው አእምሮ ነው፤ የሰው ቆጠራ ደግሞ ይመረመራል። ቤተ ክርስቲያን ለበዓል አንድነት ስትል የጥንቱን ቀመር ብትጠብቅ በቂ ምክንያት አላት። የባሕረ ሐሳብ መምህርም የአራቱን ቀን ልዩነት ከነምክንያቱ ለተማሪዎቹ ቢያስረዳ ትውፊቱን አይጎዳም፤ ድሜጥሮስ ሱባኤ የገባው ቀኑን በትክክል ለማወቅ ነበርና።