በደል የሌለበት ዕዳ

አንድ ሰው አእምሮው በታወከበት ሰዓት አስቦ ያደረሰውን ጉዳት መካስ ይገባዋልን? በሳጉሬ ደጋ በታኅሣሥ ወር አንድ ሕመምተኛ «ጠላቶቼ ተሸሽገውበታል» ብሎ የጎረቤቱን የስንዴ ክምር አቃጠለ እንበል። እሳቱን የለኮሰው ሆን ብሎ ነው፤ ክብሪት አምልጦት አይደለም። ሐሳቡ ራሱ ግን ከሕመሙ የመነጨ ነው። የጎረቤቱ ልጆች በበኩላቸው የዓመት ቀለባቸውን አጥተዋል፤ ጤነኛ ለኮሰው ሕመምተኛ ለኮሰው ረሀቡ ያው ነው።

በሙሉ ዕውቀትና ፈቃድ ያልተፈጸመ ሥራ ከባድ ኃጢአት እንደማይባል አንባቢ ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በቁጥር 48 የሥራውን ምንነት መረዳት የተሳነውን ሕመምተኛ አይቀጣም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 2030 ሌላ መንገድ ይዞአል፤ ሕግ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር ጥፋት ሲመረመር የአድራጊው ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ አይታይም። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የገዛ አገራቸው ሕግ የአእምሮ ሕመምተኛ ላደረሰው ጉዳት ካሣ እንዲከፍል የደነገገው ግን ከእኛ ስምንት ዓመት ዘግይቶ ነው።

ቁጥር 2099 ይህን ጥብቅነት ያለዝበዋል፤ ዳኛው ርትዕ ሲያስገድድ የሁለቱን ወገኖች ሀብት አመዛዝኖ ካሣውን ሊቀንስ ይችላል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ከካሣው የተቀነሰው ከጉዳቱ አልተቀነሰም፤ ክምሩ በተቃጠለበት ገበሬ ጫንቃ ላይ ይቀራል። ሁለቱም ድኾች ከሆኑ ርትዑ ለማን ነው?

በዚህ ረገድ የአርሲ ኦሮሞ የጉማ ሥርዓት የሚያስተምረን አለ። ለጠፋ ነፍስ የሚከፈለውን ካሣ ጎሣው አዋጥቶ ይከፍላል እንጂ ገዳዩ ብቻውን አይሸከመውም። የሕመምተኛውም ዕዳ እንዲሁ በዘመድና በጎረቤት ቢከፋፈል ለፍትሕ ይቀርባል እላለሁ።

ዳሩ ግን ዕዳ የሚፈራ ዘመድ ሕመምተኛውን በሰንሰለት ማሰር ይቀለዋል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ በቁጥር 342 ከ2,000 ያነሰ ሕዝብ ባለበት ቀበሌ የቤተ ሰቡን ጥበቃና የመዘዋወር ነጻነቱን መገደብ የእብደት መታወቂያ አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ስለ ክምሩ ሲቀመጡ፣ ከስንዴው ግምት ጋር ሕመምተኛውን ወደ ሕክምና የሚያደርሰውንና መድኃኒቱን የሚገዛውን ወጪ በዚያው መዋጮ ውስጥ ሊያስገቡት ይገባል።