መሪን የሚያሠለጥን ለማን ያሠለጥናል?

በጅቡቲ ወደብ የሚራገፈው አብዛኛው ዕቃ ሊያልፍ እንጂ ሊቀር አይመጣም። በባዕድ አገር ክርስቲያን ወጣቶችን ለመሪነት የምናሠለጥንም ራሳችንን እንጠይቅ፤ ወጣቱን የምናሳድገው ለጌታ ሥራ ነውን፥ ወይስ ከእጃችን እንዳይወጣ?

የስዊድን ሚስዮናውያን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ምፅዋ ደረሱ፤ ወደ ኦሮሞ አገር የሚወስደው መንገድ ግን ተዘጋባቸው። በ1870 ከባርነት ነፃ የወጣውን ኦኔሲሞስ ነሲብን ተቀብለው በስዊድን ጭምር አስተማሩት። እርሱም በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 አሳተመ፤ በ1904ም ነቀምቴ ገብቶ አስተማረ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ያልደረሱበት ስፍራ ተማሪው ደረሰ።

እንግዲህ ተማሪያችን ሲበልጠን ብናዝን፥ ያገለገልነው ራሳችንን ነበር። ደስ ቢለን ግን በእውነት አሠልጥነናል። ወደብ ዕቃው አልፎ ቢሄድ ከሰረ አይባልምና።